ፍሬ ዛፍን በጓሮ ስለ ማዳቀል፤ የታሪክ ምርመራ

በከተማችን መንገዶች ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ስለ አንድ የአቮካዶ ችግኝ ሲጠየቁ አስቀድመው የሚሰጡት መልስ «የተዳቀለ ነው» የሚል ነው። ገዢውም ይህን ቃል ሲሰማ ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ይገባዋልና ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ይከፍላል። ማዳቀል ምን እንደ ሆነና ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እየተላለፈ እንደ መጣ ግን ባገራችን ቋንቋ ብዙ ሲጻፍ አይታይም። የታሪክ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በነገሥታት፣ በጦርነትና በውል ዙሪያ ስለሚመላለስ በጓሮ ለሚሠራው ትንሽ ቢላዋ ተራ አልደረሰውም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ሰው ማዳቀልን የሚማረው ያለዚህ ጥበብ የማይሆን ዛፍ ወደ ጓሮው ሲገባ ነው፤ ትምህርቱም በመጽሐፍ ቢጻፍ እንኳ የሚኖረው በእጅ ነው፤ መጽሐፉም የሚታመነው ጸሐፊው ያንን እጅ ጠይቆ በጻፈ መጠን ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። «ማዳቀል» ባማርኛ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። አንደኛው ሁለት ዓይነት ዘሮችን አገናኝቶ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ማስገኘት ነው፤ በቅሎ ከአህያና ከፈረስ እንደምትወለድ ማለት ነው። ሁለተኛው ያንዱን ዛፍ ቀንበጥ ቈርጦ በሌላው ግንድ ላይ ቀጥሎ ማሳደግ ነው። በቃል አንድ ቢሆኑም በሥራ ተቃራኒዎች ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። የመጀመሪያው አዲስ ነገር ይወልዳል፤ ሁለተኛው ግን የነበረውን መልካም ነገር ሳይለወጥ ያቈያል። በኮምጣጣ ብርቱካን ላይ የተቀጠለ የጣፋጭ ብርቱካን ቀንበጥ የሚያፈራው ያንኑ የእናቱን ጣፋጭ ብርቱካን ነው፤ ግማሽ ኮምጣጣ፣ ግማሽ ጣፋጭ አያፈራም። መሠረቱ ሥሩን ይሰጣል፤ የዛፉን ቁመት፣ ድርቅና በሽታ የመቻል ኀይሉን ይወስናል፤ በፍሬው መጠንና ጥራትም ላይ ጥቂት ይሠራል፤ ዘሩን ግን አይለውጥም።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ ሆኖ የቀረ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ኢቫን ሚቹሪን (1855–1935) የተባለው ስመ ጥሩ የፍሬ ዛፍ አራቢ መሠረቱና ቀንበጡ አንዱ የሌላውን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ከርሱም በኋላ ትሮፊም ሊሴንኮ ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ የመንግሥት ትምህርት አደረገው። በ1948 በሞስኮ ከተደረገው የግብርና ሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ በኋላም የዘር ውርስን ሕግ የሚያስተምሩ ብዙ ሊቃውንት ከሥራቸው ተባረሩ። እንግዲህ መቀጠልንና ማዋለድን መቀላቀል ባንድ ወቅት እንጀራ የሚያሳጣ ጉዳይ ነበር። በ2009 ጀርመን አገር በትንባሆ ተክል ላይ የተደረገ ምርመራ በመጋጠሚያው ላይ ባሉት ሕዋሳት መካከል የዘር ቅንጣት ሊሻገር እንደሚችል አሳይቷል፤ ነገር ግን ይህ በመጋጠሚያው ላይ ተወስኖ የሚቀር ስለ ሆነ ሊሴንኮን ነጻ አያወጣውም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ገበያው የለመደውን «ማዳቀል» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን፤ ትርጕሙ ግን ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። ሥሩን የሚሰጠውን ተክል «መሠረት»፣ በላዩ የሚገባውን «ቀንበጥ» እንለዋለን።

ማዳቀል ለምን አስፈለገ? የፖም አበባ ንብ ከሌላ ዛፍ ባመጣችው ዱቄት ስለሚፀንስ ካንድ ፖም ውስጥ የወጡ አምስት ፍሬዎች ቢዘሩ አምስት የተለያዩ ዛፎች ይበቅላሉ፤ አብዛኞቹም ትንንሽና ኮምጣጣ ፍሬ ይሰጣሉ። ፒርም እንደዚሁ ነው፤ አቮካዶም እንደዚሁ ነው። ፖምን በቀላሉ ቅርንጫፉን ቈርጦ መሬት ላይ ቢተክሉት ሥር አያወጣም። ስለዚህ ባንድ መንደር አንድ ጣፋጭ ፖም ቢገኝ ዛፉ ሲሞት ጣዕሙም አብሮ ይሞታል፤ ከዚህ የሚያድነው ቀንበጡን በሌላ ሥር ላይ ማሳደር ብቻ ነው። ይህም የሚቻለው በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ሕያው ሆኖ ስለሚያድግ ነው። የመሠረቱ ሽፋን ከቀንበጡ ሽፋን ጋር በትክክል ከተነካካና ሳይደርቅ ከቈየ ሁለቱ ቁስሎች ተያይዘው አንድ ይሆናሉ። ዝምድና ያላቸው ተክሎች ይያያዛሉ፤ ዝምድና የሌላቸው አይያያዙም።

የፍሬ ዛፍ ታሪክ ቅደም ተከተልም በዚህ ምክንያት የተወሰነ ነው። ዳንኤል ዞሃሪና ፒንሐስ ሽፒገል ሮይ በ1975 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፥ በቅርብ ምሥራቅ ሰዎች በመጀመሪያ ጓሯቸው ውስጥ ያስገቧቸው ዛፎች ወይራ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማንና ተምር ናቸው። እነዚህ ሁሉ በቁራጭ ወይም ከሥራቸው በሚወጣ ቡቃያ የሚተከሉ ስለ ሆኑ ቢላዋና ጕልበት ብቻ ይበቃቸው ነበር። ፖም፣ ፒርና ፕሪም ግን በዱር ሞልተው ሳለ ወደ ጓሮ የገቡት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ማዳቀል ከታወቀ ወዲህ ነው። ፍሬዎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታወቁ ነበር፤ የሚጠብቃቸው ጥበብ ግን አልተገኘም ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዘው እንለምናለን፤ ወደ አገራችን ስንደርስ ያስፈልገናልና።

በጽሑፍ ማዳቀልን የሚጠቅሱ የግሪክ መጻሕፍት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ይጀምራሉ። የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር ቴዎፍራስጦስ ቀንበጡ መሠረቱን የሚጠቀምበት ተክል መሬትን እንደሚጠቀምበት ያህል ነው ብሎ አስረድቷል፤ ይህም አባባል እስከ ዛሬ ሊታረም የሚያስፈልገው ብዙ የለውም። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘን ግን የሮማዊው የካቶ መጽሐፍ ነው። ካቶ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 234–149) ጨካኝ ባለርስት ነበር፤ ያረጀ ባሪያ ካረጀ በሬ ጋር እንዲሸጥ የሚመክር ሰው ነው። ስለ ማዳቀል ሲጽፍ ግን ወሬ አያበዛም። ግንዱ ይቈረጥ፤ ቀንበጡ ይሾል፤ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ሸክላ አፈር፣ አሸዋና የከብት እበት አንድ ላይ በደንብ ታሽቶ እንደ ሙጫ ሲሆን ይለሰንበት፤ ዝናብም እንዳይገባ በላዩ ይሸፈን ይላል። እበትና ጭቃ ለውሶ የቤት ግድግዳ የመረገ ያገራችን ሰው ይህን ትእዛዝ ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም።

ከካቶ በኋላ የመጡት ግን ከጓሮ ወጥተው ወደ ተአምር ገቡ። ቨርጂል ስለ እርሻ በጻፈው ግጥም ፍሬ የሌለው የፕላታን ዛፍ ፖም ሲሸከም፣ የባሉጥ ፍሬም ባዕድ ከሆነ ዛፍ ሥር ለዐሣማ ሲረግፍ ያሳየናል። ባለቅኔ ነውና ይቅር እንበለው። ኮሉሜላ ግን ራሱ እርሻ የነበረውና ስለ ወይን አተካከል በጥንቃቄ የጻፈ ሰው ሆኖ ሳለ ማናቸውም ቀንበጥ በማናቸውም ዛፍ ላይ ይያዛል ብሎ ተከራከረ፤ በለስና ወይራን አጠጋግቶ የማያያዝ ዘዴም አስተማረ። በ79 በቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ የሞተው ፕሊኒዮስ ደግሞ በቲቮሊ አጠገብ ባንድ ዛፍ ላይ ወይን፣ ፒር፣ በለስ፣ ሮማንና የፖም ዓይነቶች ተቀጥለው በዐይኑ እንዳየ ይናገራል። ከዚያም ዕድሜው አጭር እንደ ነበረ ባጭሩ ይጨምራል። እኛ ከፕሊኒዮስ ረጅም መጽሐፍ ውስጥ ስለ ማዳቀል ከሁሉ የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው አጭር ቃል ይመስለናል። ምናልባት አንድ ብልህ አትክልተኛ በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ብዙ ሥሮችን አሳልፎ ጌታውን አስደስቶ ይሆናል፤ ዛፉ ግን ሐሰቱን በመድረቅ ገለጠ።

በዚሁ ዘመን፣ በ57 ገደማ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 11 ስለ ወይራ የተናገረው ምሳሌ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ላገራችን አንባቢ የታወቀ ነው። የበረሃው ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ውስጥ ይገባል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም የተመረጠው ግሥ ይኸው «መግባት» ነው። የማዳቀል ሥራ ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታየዋል። አትክልተኛ የሚሠራው በዱሩ ሥር ላይ መልካሙን መቀጠል ነው እንጂ በመልካሙ ላይ የዱሩን መቀጠል አይደለም። ኦሪጀን በ3ኛው ምዕት ዓመት ይህን አስተውሎ ሐዋርያው ሥርዐቱን እንደ ገለበጠው ጽፏል። በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ዊልያም ራምሴ የተባለው ሊቅ ሌላ አሳብ አቀረበ። ኮሉሜላ ፍሬ የነሳ ወይራ ግንዱ በመሰርሰሪያ ተበስቶ የበረሃ ወይራ ቅርንጫፍ ሲገባበት እንደሚጐለምስ ጽፏልና፣ ጳውሎስ የተናገረው ይህንኑ ልማድ ነው አለ። በኛ ግምት ሁለቱም ሊቃውንት ሐዋርያውን አትክልተኛ ለማድረግ ወይም አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከሙ። ጳውሎስ ራሱ ድርጊቱ ከተፈጥሮ ልማድ ውጪ መሆኑን በግልጽ ስለ ተናገረ ሥራውን የሚያውቅ ሰሚ እንዲደነቅ ፈልጎ ነው ብንል ይቀላል። ምሳሌው የሚሠራውም የሮሜ ሰዎች ማዳቀልን በጓሯቸው ስለሚያውቁት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወይራችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በደጋችን የሚበቅለው፣ የጠላ ጋን የምናጥንበት፣ ቀንበጡን ለመፋቂያ የምንቈርጠው ወይራ ከሜድትራንያኑ የዘይት ወይራ ጋር በዝርያ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የንዑስ ዝርያ ነው። ፍሬው ትንሽና ሥጋው ስስ ስለ ሆነ ዘይት አይጨመቅበትም። ስለዚህ የጳውሎስን ምሳሌ ባማርኛ የሚያነብ ሰው «መልካም ወይራ» ሲባል በዐይነ ልቡናው የሚያየው ዛፍ በእውነቱ የበረሃው ወይራ ወገን ነው። አብያተ ክርስቲያናትን የከበበው ወይራ ሁሉ ቀንበጥ ቢገኝለት መሠረት ለመሆን የሚችል ሥር ነው ማለት ነው።

ወደ ምሥራቅ ስንሻገር ከሮማውያን ፍጹም የተለየ መጽሐፍ እናገኛለን። በሰሜን ቻይና በ6ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ጂያ ሲሺዬ የተባለ የአውራጃ ሹም «ቺሚን ያኦሹ» የሚባለውን መጽሐፍ ጻፈ፤ ትርጕሙም ለተራው ሕዝብ የሚያስፈልጉ ዘዴዎች እንደ ማለት ነው። በመቅድሙ ከቀደሙ መጻሕፍትና ከሕዝብ ዘፈን እንደ ለቀመ፣ በዕድሜ የበሰሉ ሰዎችን እንደ ጠየቀ፣ በሥራም እንደ ፈተነ ይናገራል። ይህም ባዶ ፉከራ እንዳይመስለን ስለ በግ ርቢ ሲጽፍ ከራሱ 200 በጎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመኖ እጦት ባንድ ዓመት ውስጥ እንዳለቁበት ሳያፍር ያስነብበናል።

ጂያ ስለ ፒር ሲጽፍ ከችግሩ ይነሣል። ባንድ ፒር ውስጥ ዐሥር ያህል ዘር ቢኖር ፒር ሆኖ የሚበቅለው ሁለቱ ብቻ ነው፤ የቀረው «ዱ» የሚባል የዱር ፒር ይሆናል ይላል። መድኀኒቱም ያው ዱ ነው። ዱውን አስቀድሞ መትከል፤ ክንድ ሲያህል ገመድ በዙሪያው ጠምጥሞ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ በመጋዝ መቍረጥ፤ የሾለ ቀርከሃ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል አስገብቶ ቦታ መክፈት፤ ፀሐይ ከሚያየው ወገን የተቈረጠ የፒር ቀንበጥ በዚያ ማስገባት። ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ትእዛዝ የጥበቡ ሁሉ ልብ ነው፤ እንጨት ወደ እንጨት፣ ቅርፊት ወደ ቅርፊት እንዲገጥም ያዝዛል። ስለ ሕያዋን ሕዋሳት ምንም በማይታወቅበት ዘመን ሁለቱ ሽፋኖች መገናኘት እንዳለባቸው የሚያስረዳ ከዚህ የቀለለ ቃል ሊገኝ አይችልም። የግንዱን ራስ በሐር ጥጥ መሸፈን፣ በላሸቀ ጭቃ መለሰን፣ አፈር መከመርና በቀስታ ውሃ ማጠጣት ይከተላል። ትልቅ ዱ አምስት ቀንበጥ፣ ትንሹ ሁለት ወይም ሦስት ይይዛል።

ቀጥሎም የቤት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ይነግረናል። በእርሻ ለሚተከለው ከዛፉ ጐን የወጣውን ቀንበጥ ውሰድ፤ ዛፉ ዝቅ ብሎ ስለሚሰፋ ለመልቀም ይመቻል፤ በግቢ ለሚተከለው ግን ከመካከል ቀጥ ብሎ የወጣውን ውሰድ፤ ወደ ላይ ስለሚያድግ ለቤቱ አያስቸግርም ይላል። ይህን ያሰበው ባለቅኔ ሊሆን አይችልም፤ በደጅ ሲገባና ሲወጣ ቅርንጫፍ ፊቱን የመታው ሰው ነው። በርግጥ ጂያም ፒር በሮማን ላይ ቢቀጠል መልካም ፍሬ እንደሚሰጥ ጽፏል፤ ይህ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ነገር ግን ወዲያው ከዐሥር የሚድነው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው ብሎ ይጨምራል። ኮሉሜላ ሁሉም ይያዛል ሲል ጂያ የሞተውን ይቈጥራል። ሁለቱን ጸሐፊዎች የሚለያያቸው ይህ ነው።

ስለ መካከለኛው ዘመን ብዙ አንዘገይም። በሴቪል የነበረው ኢብን አል ዐዋም በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በዐረብኛ በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ ለማዳቀል ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። በአውሮፓም ጥበቡን በየገዳማቱ ያሉ መነኮሳት ጠብቀውታል። ጥበቡ ለመላ ሕዝብ የግድ የሆነው ግን በፈረንሳይ በ1860ዎቹ ከአሜሪካ የመጣች አንዲት ጥቃቅን ተባይ፣ ፊሎክሰራ፣ የወይኑን ሥር መብላት በጀመረች ጊዜ ነው። መድኀኒቱ የፈረንሳይን ወይን ተባዩን በሚችለው በአሜሪካ የዱር ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ሆነ። ወይን ለሁለት ሺህ ዓመት በቁራጭ ሲተከል የኖረ ስለ ነበር ብዙው ገበሬ ማዳቀል አያውቅም ነበር፤ ስለዚህም በ1880ዎቹ በየአውራጃው የማዳቀል ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ገበሬው ሰነፍ ሆኖ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አላስፈለገውም ነበር።

አሁን ስሙ በግማሽ ብቻ ወደ ተጻፈ ሰው እንመጣለን። በአሜሪካ በሉዊዚያና ፔካን የሚባል ቅርፊተ ጠንካራ ፍሬ በዱር ይበቅላል። ኮሎም የተባሉ አንድ ሐኪም ፍሬው ትልቅና ቅርፊቱ ስስ ከሆነ አንድ ዛፍ ቀንበጥ ቈርጠው ለማዳቀል ቢሞክሩ አልተያዘላቸውም። ቀንበጡን በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ወደ ኦክ አሊ እርሻ ወሰዱት። በዚያም አንትዋን የሚባል፣ በባርነት የተያዘ አትክልተኛ በ1846 ወይም በ1847 ክረምት 16 ዛፎች አዳቀለ፤ ሁሉም ያዙ። ፔካንን በማዳቀል ማብዛት የተሳካው በዚህ ጊዜ ነው። በ1848 በተጻፈው የባለርስቱ ንብረት መዝገብ አንትዋን የ38 ዓመት ሰው፣ ፔካን የማዳቀል ዐዋቂ ተብሎ ሲመዘገብ በስሙ ትይዩ የተጻፈው ዋጋ 1,000 ዶላር ነው። በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያበቃ በእርሻው ላይ ከዚሁ ዘር 126 ዛፎች ነበሩ። በ1876 በፊላዴልፊያ በተደረገው ኤግዚቢሽን ፍሬው ተሸልሞ «ሴንቴኒያል» የሚል ስም ወጣለት። ፍሬው የራሱን ስም ሲያገኝ ያበዛው ሰው ግን የአባቱ ስም እንኳ አልተጻፈለትም። ስለ ታሪክ ምንጭ ስንነጋገር ይህን መዝገብ ልብ ማለት ይገባናል። ስለ አንትዋን ጥበብ የተጻፈ ቃል የቈየልን ጥበቡ የዋጋው ምክንያት ስለ ነበር ነው።

ማዳቀል ሳይሳካ ቀርቶ ታሪክ የሠራበትም ጊዜ አለ። ሩዶልፍ ሐስ በካሊፎርኒያ ደብዳቤ አዳይ ነበር። በ1926 በላ ሐብራ ሃይትስ በገዛው ትንሽ መሬት የአቮካዶ ዘሮች ዘርቶ በዘመኑ የተወደደውን «ፉዌርቴ» የተባለ ዓይነት አዳቀለባቸው። አንዱ ችግኝ ግን ቀንበጡን ደጋግሞ እንቢ አለ። ሐስ ነቅሎ ሊጥለው ሲያስብ ሥራውን የሚሠራለት አዳቃይ ተክሉ ጠንካራ ስለ ሆነ እንዲተወው መከረው። ዛፉ ባፈራ ጊዜ ፍሬው ቅርፊቱ ሸካራ፣ ሲበስል የሚጠቍር፣ ጣዕሙ ግን ከፉዌርቴ የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ መጀመሪያ የወደዱትም የሐስ ልጆች ናቸው ይባላል። በ1935 የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነበር። አንድ ችግኝ የገዛ ገበሬ ከዚያው ቀንበጥ እየቈረጠ እርሻውን ሁሉ ያዳቅል ነበርና። ቢላዋ በየቤቱ ባለበት እንዲህ ያለውን መብት የሚጠብቅ ዘበኛ አይገኝም። እናትየዋ ዛፍ በ2002 ደርቃ ተቈረጠች፤ ሆኖም ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የሐስ አቮካዶ ሁሉ በቀንበጥ ከቀንበጥ ከርሷ የተቀጠለ ስለ ሆነ አንድ ዛፍ ናት ብንል ይቻላል።

እነሆ ወደ አገራችን ደረስን። ማዳቀል ባገራችን ገበሬ ዘንድ የቈየ ልማድ አለመሆኑን እንደ ኋላ መቅረት ምልክት የሚቈጥሩ አሉ። እኛ ይህን አንቀበለውም። ባገራችን ጓሮ የኖሩትን ተክሎች አንድ ባንድ እንመልከት። ዐረቢካ ቡና አበባው በራሱ ዱቄት ስለሚፀንስ ዘሩ ከሞላ ጐደል እናቱን ይመስላል። ካንድ የሎሚ ዘር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቡቃያ ይወጣል፤ ብዙዎቹም ያለ ዱቄት ከእናት አካል ብቻ የተፈጠሩ ስለ ሆኑ እናታቸውን ናቸው። ሙዝ በሥሩ ልጅ ይተከላል። ኮክ ከዘሩ በቅሎ ብዙም አያሳፍርም። እንሰትማ ከሁሉ ይበልጣል፤ ገበሬው አሚቾውን ቈርጦ ሲቀብረው ከዚያ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ በጉራጌ፣ በሲዳማና በጋሞም እያንዳንዱ ዓይነት በስሙ ተለይቶ፣ ይኸኛው ለቡላ፣ ያኛው ለቃጫ፣ ሌላው ለመድኀኒት እየተባለ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። ይህ የዞሃሪ ወይራና በለስ ነው። መልካሙን ዘር ሳይለወጥ የማቈየት ዕውቀት ባገራችን አልጐደለም፤ የጐደለው በዚህ መንገድ አልቈይ የሚል ዛፍ ነበር።

ይህ ዛፍ የመጣው በ20ኛው ምዕት ዓመት ነው። አቮካዶ በ1938 ገደማ በሐረርጌ በሂርና አካባቢ እንደ ገባ ይነገራል። ሰዎችም እንደ ለመዱት ፍሬውን በልተው ዘሩን ቀበሩ፤ በቀለም፤ አፈራም። ነገር ግን ካንዱ ዛፍ ክር የበዛበት፣ ካንዱ ውሃ ውሃ የሚል፣ ካንዱም ቅቤ የመሰለ ፍሬ ተገኘ፤ ይህንንም ለማወቅ ስድስት ሰባት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረባቸው። የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፤ ምን እንደሚያፈራም አስቀድሞ ይታወቃል። ለድኻ ቤት የሦስት ዓመት ልዩነት አንድ ልጅ ፊደል ቈጥሮ ንባብ የሚለይበት ጊዜ ነው። ዛሬ የሐስ አቮካዶ በሲዳማና በጐጃም ቆጋ አካባቢ ለውጭ ገበያ ሲተከል ችግኙ ሁሉ የተዳቀለ ነው፤ መሠረቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከተናቀው ያገር ውስጥ ዘር የበቀለ ነው። የሚሠራበትም ዘዴ ሲታይ ካቶም ጂያም የሚያውቁት ነው፤ የጭቃውንና የእበቱን ቦታ ስስ ላስቲክ ወሰደው እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ የታሪክ ተማሪን ሊስብ የሚገባው የጨንቻ ፖም ነው። በጋሞ ደጋ ፖም የገባው በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን እጅ ነው፤ ብዙ ዓመት በጥቂት ግቢዎች ተወስኖ ቈየ። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ መሠረቱንና ቀንበጡን እያበዛ ገበሬውን ማዳቀል ካስተማረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ብዙ ቤተሰብ ከፍሬው ይልቅ የተዳቀለውን ችግኝ በመሸጥ ገንዘብ ማግኘት ጀመረ። የጨንቻም ችግኝ ወደ ሌሎች ደጋዎች ተሻገረ። ካንድ ግቢ ወደ ሌላው የሄደው ዕውቀት በደብተር አልተጻፈም፤ ጐረቤት ጐረቤቱን አጠገቡ አስቀምጦ ቢላዋው እንዴት እንደሚያዝ አሳየው እንጂ። እነዚህ የመጀመሪያ ተማሪዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው።

ስለዚህ የጥናት ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደ ጋሞ ደጋ የሚወጡ ቢኖሩ ሦስት ነገር ጠይቀው እንዲጽፉልን እንፈልጋለን፤ አዳቃዩ ሥራውን ከማን እንደ ተማረ፣ የመጀመሪያው ቀንበጥ ከየትኛው ግቢ እንደ ተቈረጠ፣ እያንዳንዱም የፖም ዓይነት በጋሞኛ ምን ተብሎ እንደሚጠራ። ከተቻለም እንደ ጂያ፣ ከዐሥሩ ስንቱ እንደ ሞተ።